ምች ነው ወይስ ንዳድ?

ጥቅምት ሲገባ የደንቢያ ሜዳ ሁለት ነገር ያፈራል፤ የሚያሽት ጤፍ እና ትኩሳት።

ምሽት ነው። ከማሳ የተመለሰ ጎረምሳ መደብ ላይ ጋቢውን ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እናቱ የእጇን ጀርባ በግንባሩ፣ ከዚያም በአንገቱ ሥር ታሳርፋለች። «ውይ በሞትኩት፣ እሳት ሆነሃል እኮ! ምን በልተህ ነው የወጣኸው?» ልጁ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጠዋት ተልባ ፍትፍት ቀምሶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋሉን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለም። ጎረቤት ያሉት አሮጊት ገና ከደጅ ሳሉ ፍርዱን ሰጥተዋል፤ «ምች ነው የመታው፤ ዳማከሴ ቁረጡለት እንጂ ምን ቆማችሁ ታዩታላችሁ!» ታናሽ እኅቱ ወደ ጓሮ ትሮጣለች።

ቅጠሉ በመዳፍ መካከል ይታሻል። አረንጓዴው ጭማቂ ጠብ ጠብ ሲል ገሚሱ ቡና ስኒ ውስጥ ይገባል፤ ገሚሱ ይሸተታል፤ የተረፈው ግንባርና ደረት ይታሽበታል። ሌላ ጋቢ ይደረብለትና እንዲያልበው ይተዋል። እንዲህ ያለው ምሽት የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። ከጎንደር በስተ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ቆላ ድባና በዙሪያዋ፣ ክረምቱ በወጣ ቁጥር በየቤቱ የሚደገም ነው። ልጁ ሲነጋ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቀሎት ሊነሣ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶም ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ ከዳማከሴው አይመጣም፤ የያዘው ምን እንደሆነ ነው ጉዳዩ።

ምች በሐኪም መዝገብ ውስጥ አቻ ስም የለውም። በሕዝቡ ዘንድ ግን ምንጩም ምልክቱም የታወቀ ነው። ኑግ ወይም ተልባ የቀመሰ ሰው ፀሐይ ላይ ሲወጣ፣ ያላበው ሰው ድንገት ነፋስ ሲያገኘው፣ ምች ይመታዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ከንፈሩ ላይ ቁስል ይወጣበታል። ሐኪሞች የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ መሆኑን ያውቃሉ። ይህ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሌላ ትኩሳት ሲመጣ ወይም ብርቱ ፀሐይ ሲመታ ብቅ ይላል። ስለዚህ የድሮ ሰዎች ፀሐይን፣ ትኩሳትንና የከንፈርን ቁስል አንድ ላይ ማሰራቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም። በምልከታ ረገድ ማንም አይበልጣቸውም። ችግሩ ጉንፋኑም፣ ኢንፍሉዌንዛውም፣ ንዳድ የሚባለው ወባውም፣ ተስቦውም በመጀመሪያው ምሽት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መምጣታቸው ነው።

ዳማከሴም ቢሆን ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ትኩሳት እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች በውሃና በአልኮል የተዘጋጀ የዳማከሴ ቅጠል ውሁድ ሲሰጣቸው ሙቀታቸው እንደሚወርድ አሳይቷል። ቅጠሉ ከበሶብላ ወገን ነው፤ ሽታውም ዘመድነቱን ይናገራል። ታዲያ «ትኩሳት ያበርዳል» የሚለው የአያቶች ቃል ቢያንስ በአይጥ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ትኩሳትን ማብረድና የትኩሳቱን መነሻ ማጥፋት ግን ሁለት ሥራ ነው።

ከዳማከሴው ጎን የባሕር ዛፉ እንፋሎት አለ። ቅጠሉ በድስት ይፈላል፤ በሽተኛው በብርድ ልብስ ተከናንቦ ይታጠናል፤ አፍንጫው ይከፈታል፣ ላቡ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ከጥንት ከአባቶቹ የወረሰው ይመስለዋል። ባሕር ዛፍ ግን አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ገደማ ነው። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያንጹ ይህ ዛፍ በአገሩ አልነበረም። ባህላዊ ሕክምና እንደ ሐውልት የቆመ ነገር ነው ለሚል ሰው ይህ አንድ ቅጠል በቂ መልስ ነው፤ አያቶች የሚጠቅማቸውን ሲያገኙ ከየትም ይምጣ ወደ ጓዳቸው ያስገቡ ነበር።

ጢስና እንፋሎት በትኩሳት ላይ የሚታዘዙት ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ስሙ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ መታሰቢያውም ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ቆሻሻውን እያቃጠለ የሚታጠንበት ልማድ ሆኖ ቀረ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ሲያክም በርና መስኮቱን አስከፍቶ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ እንደነበር ጽፏል። ዕጣኑን የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ መስኮት መክፈቱ ነው እንግዳ የሆነበት።

ትኩሳትን በቅጠልና በላብ ማከም የእኛ ብቻ አይደለምና፣ አሁን ወደ አንድ ሩቅ አገር መሄድ ያስፈልጋል፤ ወደ ቻይና።

የዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለ ቻይናዊ ሐኪም ስለ «ብርድ ጉዳት» አንድ መጽሐፍ ጻፈ። የጻፈበት ምክንያት ያሳዝናል፤ ከ200 በላይ ከነበሩት የወገኑ ሰዎች ሁለት ሦስተኛው 10 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አልቀውበታል፤ ከሞቱት 10 ሰዎች 7ቱን የወሰደው ይኸው የብርድ ትኩሳት ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የቀረፋ ቀንበጥ፣ ዝንጅብል፣ የሊቆሪስ ሥር፣ ቁርቁራ የሚመስል የደረቀ ፍሬና ፒዮኒ የተባለ አበባ ሥር አንድ ላይ የሚፈላበት ነው። አወሳሰዱ ደግሞ ለደንቢያ እናት እንግዳ አይሆንባትም። በሽተኛው መድኃኒቱን ይጠጣል፤ ወዲያው ትኩስ የሩዝ አጥሚት ይከተልበታል፤ ከዚያ ተሸፋፍኖ ቀስ ብሎ እንዲያልበው ይደረጋል። ቀረፋውን በዳማከሴ፣ ሩዙን በገብስ፣ ብርድ ልብሱን በጋቢ ቢለውጡት የቆላ ድባ ምሽት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በዚህ ጉዳይ ተማክረው አያውቁም።

የሚለያዩበት ቦታ የእጅ አንጓ ነው። የእኛ እናት መዳፏን ግንባር ላይ ታሳርፋለች። የቻይናው ሐኪም ሦስት ጣቶቹን፣ ሌባ ጣቱን፣ የመሐል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን፣ በበሽተኛው አንጓ ላይ ይደረድራል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋንግ ሹሄ የተባለ ሐኪም ስለ ደም ሥር ምት በጻፈው መጽሐፍ 24 ዓይነት ምቶችን ለይቶ ዘርዝሯል። ጣት ገና ሲነካው የሚሰማና ጠበቅ ሲያደርጉት የሚደክም ምት «ተንሳፋፊ» ይባላል፤ በሽታው ገና ከላይ፣ ከቆዳ አካባቢ ነው ማለት ነው። ተንሳፋፊው ምት እንደ ክር ከተወጠረ ብርድ ነው፤ ከፈጠነ ደግሞ ሙቀት ነው። በዚህ ልዩነት መድኃኒቱ ይለወጣል። ለብርዱ የሚያሞቅ ቀረፋና ዝንጅብል፣ ለሙቀቱ የሚያቀዘቅዝ አበባና ናና ይታዘዛል።

ይህ ጥበብ የሚያስደንቅ ነው፤ ግን ማጋነን አይገባም። አንድን በሽተኛ የዳሰሱ ሁለት የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች በምቱ ዓይነት ላይ ብዙ ጊዜ እንደማይስማሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የሚገናኝበት ቦታም አለ። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ በ10 ያህል ይጨምራል። በታይፎይድ ግን ትኩሳቱ እየነደደ ምቱ ከሚጠበቀው ዘግየት የሚልበት ጊዜ አለ፤ የድሮ ሐኪሞች ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ይህችን ምልክት ይጠብቋት ነበር። አንጓ እንግዲህ የሚናገረው ነገር አለው። የወባ ተውሳክ ደም ውስጥ መኖር አለመኖሩን ግን የትኛውም ጣት አንብቦ አያውቅም።

ደንቢያ ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ይህን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ተመዝግቧል። በጣና ዳር ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁና ወንዞቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ የሚተዉት ኩሬ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና የሳኒቴሪያን ሙያዎች በአገራችን ሥር የሰደዱት ከዚያ ነው። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ የወባ መከላከል ሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ይኸው የደንቢያ ሜዳ ሆነ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለመወለዱ የአንድ ሜዳ ትኩሳት ድርሻ ነበረው ቢባል ስሕተት የለበትም። መከራው ግን በደንቢያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1958 ደጋውን ሳይቀር ያዳረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ገድሏል።

የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ መዝገብም ተገልጦ ታይቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 ድረስ ያለውን የ10 ዓመት መዝገብ አጥንተው በ2012 አሳትመዋል። በእነዚያ ዓመታት ለወባ 59,208 የደም ምርመራዎች ታዘዋል፤ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ወባ የተገኘው በ23,473ቱ፣ ማለትም በ39.6 በመቶው ነው። ከተገኘው ውስጥ 75 በመቶው ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ዓይነት፣ 25 በመቶው ቫይቫክስ ነበር። ከፍተኛው ቁጥር የሚመዘገበው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ወቅት ነው። ይበልጥ የተጠቁትም ከ15 እስከ 44 ዓመት ያሉት፣ አርሰው አጭደው ቤት የሚያቆሙት ናቸው።

ቁጥሩን በሁለት በኩል ማንበብ ይቻላል። ተጠርጥረው ከመጡት 10 ሰዎች 4ቱ ወባ ነበረባቸው፤ የቀሩት 6ቱ ግን አልነበረባቸውም። ለእነዚያ 6ቱ «ወባ ነው» ማለት ስሕተት ነበር። አንዳንዱ ኢንፍሉዌንዛ፣ አንዳንዱ ሌላ በሽታ ይኖርበት ይሆናል፤ ከመተማና ከሁመራ የቀን ሥራ የተመለሰ ወጣት ከሆነ ደግሞ ካላ አዛር የተባለ ሌላ የትኩሳት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ጎንደር ለዚህ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አላት። ለ4ቱ ግን «ምች ነው» ማለት ከስሕተትም የከፋ ነው።

የወባ ትኩሳት ጠባይ ዳማከሴን እንዴት እንደሚያስመሰግነው ማየት ያስፈልጋል። ሕመሙ ሲነሣ መጀመሪያ ብርድ ነው፤ ስንት ጋቢ ቢደረብ የማይለቅ መንቀጥቀጥ። ቀጥሎ ትኩሳቱ ይነድዳል። በመጨረሻ ላብ ይወርዳል፤ ከላቡ በኋላ ሰውነት ቀለል ይልና እንቅልፍ ይወስዳል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ መድኃኒት ቢሰጥም ባይሰጥም። በቫይቫክስ ጊዜ ደግሞ ማግስቱን ሰላም ሆኖ ይውልና በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። አሁን የመጀመሪያውን ምሽት እናስታውስ። ሲንቀጠቀጥ ዳማከሴ ተሰጠው፤ ሌሊቱን አላበው፤ ጠዋት ተነሣ። እናት ምን ትበል? ዐይኗ ያየው መድኃኒት ሲሠራ ነው። አልተሳሳተችም፤ የታለለችው በሽታው ራሱ በሚጫወተው ጨዋታ ነው። በዚህ መሐል የሚያልፉት ሁለትና ሦስት ቀናት፣ ፋልሲፓረም ከሆነ፣ ወደ አንጎል ለመውጣት የሚበቁት ናቸው። ዳማከሴን የሚያብጠለጥሉ የጤና ባለሙያዎች ይህን ባያስረዱ እናቶች ባይሰሟቸው አይፈረድም።

ወደ ቻይና የመሄዳችን ምክንያት ከጉንፋኑ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ ለድንገተኛ በሽታ የሚሆኑ መድኃኒቶችን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሰብስቦ ነበር። ለሚመላለስ ትኩሳት ያዘዘው ቺንግሃኦ የተባለ ቅጠል ነው፤ አንድ እፍኝ በውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ ጭማቂው እንዲጠጣ። 1,600 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1967 በቬትናም ጦርነት ወታደሮች በወባ ሲረግፉ የቻይና መንግሥት «523» የተባለ ምስጢራዊ የምርምር ፕሮጀክት ጀመረ፤ ቱ ዩዩ የተባለች ተመራማሪ በ1969 ገባችበት። ቡድኗ ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት አዘገጃጀቶችን ሰብስቦ ፈተሸ። ቺንግሃኦ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ቱ ዩዩ ወደ አሮጌው ጽሑፍ ተመልሳ ስታነብ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ጌ ሆንግ ጨምቁ አለ እንጂ አፍሉ አላለም። ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው? በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። በ1971 ጥቅምት፣ 191ኛው ናሙና በአይጦች ላይ የነበረውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ቀድመው የጠጡት እሷና ባልደረቦቿ ናቸው። አርቴሚሲኒን የተባለው መድኃኒት እንዲህ ተገኘ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አመጣላት።

ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር የተጣመረበትን፣ ሕዝቡ «ኮአርተም» እያለ የሚጠራውን ኪኒን የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቀድሞ ይሰጡ የነበሩት ክሎሮኪንና ፋንሲዳር በፋልሲፓረም ላይ አቅም አጥተው ነበር። የቻይና የሕክምና ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ አገራችን ይመላለሳሉ፤ አንዳንዶቹ በመርፌ የሚያክሙም ነበሩባቸው። ሰውም የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲባል የሚታየው መርፌው ነው። ቆላ ድባ ግን የቻይና ባህላዊ ሕክምና የደረሰው በኪኒን ነው፤ ዋጋ ሳይከፈልበት ከጤና ጣቢያው መስኮት የሚሰጠው ቢጫ ኪኒን የዚያ የተጨመቀ ቅጠል የልጅ ልጅ ነው። የሚገርመው፣ የእኛ አገር አሪቲና ጭቁኝም ከቺንግሃኦ ጋር የአንድ ወገን ዕፀዋት ናቸው። ወባ ገዳዩ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን የሚገኘው ግን በቻይናው ነው፤ ያንን ቅጠል ራሱን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣትንም የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ተውሳኩንም መድኃኒት ያለማምደዋል።

ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጨመቃል። ቺንግሃኦም ይጨመቃል። አንዱ የኖቤል ሽልማት ደረሰ፤ ሌላው ከአይጥ ጥናት ብዙም አልራቀም። ልዩነቱን በቅጠሉ ብቻ ማሳበብ ይቀናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ሌላም ነገር ያያል፤ ጌ ሆንግ ጽፎ ገልጦ ተወው። የእኛ መድኃኒት አዋቂ ደግሞ «መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል» ብሎ ለአንድ ልጁ በሞት አፋፍ ይነግራል፤ አንዳንዴ ሳይነግር ይሞታል። የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት በብራና አሉን፤ ጎንደርም ከደብተራዎቿ ጋር የዚህ ዕውቀት መዲና ነበረች። ነገር ግን መጠኑ፣ ጊዜው፣ ለየትኛው ትኩሳት እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሊፈትሸው በሚችልበት መልክ ያለን ጥቂት ነው። 190 ጊዜ ወድቆ 191ኛውን ለመሞከርም ማንም ገንዘብ አላወጣም።

የቻይናው ኪኒንም ቢሆን ጊዜው እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በፋልሲፓረም ላይ አር 622 አይ የተባለ የዘር ለውጥ ማግኘቱን ገለጸ፤ ለአርቴሚሲኒን ቀስ ብሎ ከመሞት ጋር የሚያያዝ ለውጥ ነው። በ2023 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ለውጡን ከተመረመሩት ናሙናዎች 8 በመቶው ላይ አገኘው፤ አንዳንዶቹ በፈጣን መመርመሪያው እንዳይታዩ የሚያደርግ ሌላ ለውጥም ተሸክመዋል። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ አሁንም ሥራ አልፈታም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የጤና ጣቢያውን መንገድ አርዝሞታል፤ መንገድ ሲረዝም ዳማከሴ ይቀርባል።

ለወባው ወቅት የሚሆን አንድ ነገር ይቀራል። ኮአርተም ለአዋቂ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ በ6 ጊዜ የሚወሰድ 24 ኪኒን ነው፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ይዋጣል፤ ትኩሳቱ በማግሥቱ ቢበርድም የቀረው አይተውም። ኪኒኑ ከሰውነት ጋር በደንብ እንዲዋሐድ ቅባት ይፈልጋል፤ ወተት፣ ቅቤ ያለበት ምግብ። ወባው የሚበረታበት ጊዜ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ከሚጾመው ጽጌ ጋር ይገጥማል። ጾመኛው በሽተኛ ኪኒኑን በባዶ ሆዱ ወይም በደረቅ እንጀራ ከሚውጥ ዘይት የበዛበት ሽሮ ይብላበት፤ ኑግና ተልባም ዘይት አላቸው፤ ምች ያመጣሉ ተብለው ቢታሙም ለዚህ ኪኒን ይረዳሉ።